ያቺ ልጅ የማን በሽተኛ ናት?

የሕክምና ተማሪ ዶክተር የሚሆነው በምረቃው ቀን ነው የሚል ሰው ዋርድ ውስጥ ውሎ አያውቅም። እኔ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ ነርስ ነኝ። ሲ ዋኖች፣ ማለትም ከመማሪያ ክፍል ወጥተው ገና ዋርድ የሚጀምሩት፣ ሲመጡ አያቸዋለሁ። ጋውኑ አዲስ ነው፣ የት እንደሚቆሙ ግን አያውቁም። አስታማሚው በር ላይ ሲያያቸው «ዶክተር፣ ዶክተር» ይላል፤ ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞቹ በየአልጋው እየዞሩ በሽተኛ ሲያዩ ማለት ነው፣ ደግሞ ስማቸውን የሚጠይቅ እንኳ የለም። በዚህ መሀል ነው እንግዲህ ማን እንደሆኑ ራሳቸው ማወቅ ያለባቸው።

አንድ ጊዜ የልብ ቫልቭ ችግር ያለባት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተኝታ ነበር። የቁርጥማት ትኩሳት ያመጣው ነው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ይጀምራል፣ ቆይቶ ልብ ላይ ያርፋል። በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፣ ውሃ እንዳይቋጥርባት ላሲክስ ትወስዳለች። ግን እየደጋገመች እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯት ትመጣለች። ቻርቷ ላይ «መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የሚያነብ ሁሉ ልጅቷን ይቆጣና ያልፋል።

አንዲት ሲ ዋን ግን ጓደኞቿ ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። እናትየው በሲዳምኛ «ዶክተር፣ ልጄ ትድንልኛለች?» አሏት፣ እኔ አስተረጎምኩ። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ወይ ይሸሻል ወይ የማያውቀውን ያወራል። እሷ «እናቴ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ የሚያክማትን ሐኪም ጠይቄ እነግርዎታለሁ» አለች። ጠየቀችም፣ ተመልሳም ነገረቻቸው። እኔ በዚያች ሰዓት ነው ሐኪም ያየሁባት።

እናትየው ዳቦ ሊገዙ ወጣ ሲሉ ልጅቷ ቀስ ብላ በአማርኛ ነገረቻት። ላሲክስ ከወሰደች ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣባታል። የትምህርት ቤቷ ሽንት ቤት ደግሞ በር የለውም። ስለዚህ እናቷ ጠዋት የሚሰጧትን ክኒን አፏ ውስጥ ይዛ ትወጣና መንገድ ላይ ትተፋዋለች። ያን ሁሉ ጊዜ ስንቆጣት ማንም «ለምን?» ብሎ አልጠየቃትም ነበር።

በማግስቱ ራውንድ ላይ ሬዚደንቱ፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማረው ሐኪም፣ «መድኃኒት አትወስድም» ብሎ ሊያልፍ ሲል ተማሪዋ ከኋላ «ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጨምር?» አለች። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲኒየሩ፣ ማለትም ከሁሉም በላይ ያሉት አስተማሪ ሐኪም፣ መጽሐፍ ላይ ያለ ጥያቄ ካልተመለሰ በሽተኛ ፊት የሚያዋርዱ ዓይነት ሰው ስለሆኑ ልቤ ተሰቀለ። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ሰሟት። ክኒኑ ከትምህርት ቤት መልስ እንዲሆን አደረጉ፤ ቀንም ትምህርትም አይነካባትም፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ አይነሳትም። ከዚያ ወደ ተማሪዋ ዞረው ስሟን ጠየቁና «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ በሽተኛ ናት» አሏት።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ልጅቷን ለወጠቻት፣ ተማሪዋን ማለቴ ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች፣ ክብደት ትለካለች፣ ላብራቶሪ ውጤት ካልመጣ ራሷ ሄዳ ታመጣለች። «ሲስተር፣ ሌሊት እንዴት አደረች?» የምትለው በር ላይ ሆና ነው። ማንም ፈተና አልፈተናትም፣ ነጥብም የለውም።

በሕክምና ትምህርት ዘርፍ ጆርጅ ሚለር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1990 አራት ደረጃ አስቀምጦ ነበር፤ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በሥራ ላይ መሥራት። እ.ኤ.አ. በ2016 ካናዳ ያሉት ሪቻርድና ሲልቪያ ክሩስ ከባልደረባቸው ኢቮን ስታይነርት ጋር አምስተኛ ጨመሩበት፤ ሰውየው ሐኪም ሆኖ መገኘቱን። እኛ ፈተና የምናወጣው ለአራቱ ነው። አምስተኛው እኮ አልጋ አጠገብ ነው የሚበቅለው፣ እዚያው አልጋ አጠገብ በአንድ ስድብ ሊቀጭም ይችላል። ሲኒየር በሽተኛ ፊት «አንተ ምን ታውቃለህ» ሲለው የዋለ ልጅ ሬዚደንት ሲሆን ያንኑ ሲደግም በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን አዲስ ሲ ዋን ሲመጣ ዋርዳችን ውስጥ ለእያንዳንዱ አንድ በሽተኛ እንዲሰጠው ከሬዚደንቶቹ ጋር ተስማምተናል፤ እስኪወጣ ድረስ የሚከታተለው፣ ራውንድ ላይ መጀመሪያ ስለሱ የሚናገረው። እኛ ነርሶች ደግሞ ያን በሽተኛ የሚመለከት ነገር ሲኖር ተማሪውን በስሙ እንጠራዋለን።