ከክኒኑ በፊት ስለ እንቅልፉ እጠይቃለሁ

ወንድ የሚወዱ ወንዶችን ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ በኤችአይቪ ጉዳይ ሳማክር የምጀምረው «እንቅልፍ እንዴት ነው ወንድሜ?» ብዬ ነው። መድኃኒት የሚያቋርጠው ብዙ ጊዜ ጥቅሙን ያላወቀ ሳይሆን መኖር የታከተው ነው። «አብሽር» ማለት ደግ ነው፤ ሳያዳምጡ ከተባለ ግን አፉን ያዘጋዋል።

ቀጥሎ ዘጠኝ ጥያቄ ያለውን የድባቴ መመዘኛ አነባለታለሁ። ድምሩ 10 ሲሞላ ወደ አእምሮ ጤና ክፍል እልከዋለሁ። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ «አዎ» ካለ ድምሩን አልጠብቅም። ያሰበው መንገድ እንዳለ በግልጽ እጠይቀዋለሁ፤ በዚያው ቀን አብሬው እሄዳለሁ። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ መሆኑንም አስቀድሜ እነግረዋለሁ፤ ካልሰማ በሳምንቱ ይጥለዋል።

ማንን እንደሚወድ ካርድ ላይ አልጽፍም። ሕጉ ያስቀጣል፣ ክኒኑን ለመስጠትም አያስፈልግም። ጎረቤት እንዳያየው የሚፈራ የደሴ ሰው ኮምቦልቻ፣ የኮምቦልቻው ደግሞ ደሴ ይከታተላል።

ቲኤልዲ፣ ማለትም ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ ክኒን፣ በቀን አንድ ነው። ቤት ውስጥ የሚያጋልጠው የብልቃጡ መንኳኳት ነው፤ ንጹሕ ጥጥ ይታፈንበት፣ እርጥበት መጣጩ ከረጢት ግን አይውጣ። እንቅልፍ ከነሳው ጠዋት ይዋጥ። በረመዳን በሱሑር ወይም በኢፍጣር ሰዓት ይሆናል፤ ሰዓቱን ጾሙ ሳይገባ እንወስናለን። የአይረን ወይም የካልሲየም ክኒንና የሚታኘክ የጨጓራ ማስታገሻ የዶሉቴግራቪርን ኃይል ስለሚቀንሱ፣ ቲኤልዲው ከእነሱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይወሰድ። ካርባማዜፒን (የሚጥል በሽታ መድኃኒት) የታዘዘለት ካለ ለሐኪሙ ወዲያው ይንገር።

ድባቴን በጣም ሲያቀል ያየሁት አንድ እውነት አለ፦ መድኃኒቱን እየወሰደ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ የማይታይ ሰው በወሲብ አያስተላልፍም። ትዳር ያለው ሲሰማ ትከሻው ይረግባል። ሚስቱ ግን ትመርመር፤ በስድስተኛው ወር የሚደረገው የመጀመሪያው የቫይራል ሎድ (በደም ያለ የቫይረስ መጠን) ምርመራ ቫይረሱ አይታይም እስኪል ኮንዶም አይቅር። ቫዝሊንና የፀጉር ቅባት የኮንዶሙን ላቴክስ (ጎማ) ይቀድዳሉ፤ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ይሁን።

ከኤችአይቪ ነጻ የሆነው ሰው ኮንዶሙ ከተቀደደበት በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ይልቁንም በዚያው ቀን፣ ፔፕ (ከተጋለጡ በኋላ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚወሰድ መድኃኒት) ይጀምር፤ 28 ቀን ይወሰዳል።

የስድስት ወር መድኃኒት በአንዴ መውሰድ ከመታየት ይገላግላል፤ ድባቴን ግን ከእይታ ይደብቃል። ስለዚህ በመሃል እደውላለሁ፣ ስለ ክኒን በስልክ አላወራም፤ ስለ እንቅልፉ ብቻ እጠይቃለሁ፣ መልሱ ካሳሰበኝ በአካል እንገናኛለን።