ስሟ የማይጠራ ልዕልት፦ የምትሃትና የፍቅር ልብ ወለዴ የደረሰበት

«ልብ ወለዱን ተውሽው እንዴ?» ስትሉኝ ለሰነበታችሁ የእሑድ ንባብ ወዳጆቼ፦ አልተውኩትም። ቀይ እሸት ቡና በየቀኑ በሚገባበት ሰሞን የመፈልፈያ ጣቢያ ሒሳብ ያዥ ከሚዛኑ አጠገብ አትርቅም፤ ዝምታዬ ከዚያ የመጣ ነው። አሁን የማድረቂያ አልጋዎቹ ባዶ ሆነዋል። ረቂቁም አጋማሹን አልፎ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች አንዱ ሌላውን የሚሸሽበት ክፍል ላይ ደርሷል። እስካሁን የሠራሁበትን መንገድ ልንገራችሁ፤ በተለይ የምትሃት ታሪክ ለመጀመር እያመነታችሁ ላላችሁት።

አብዛኞቻችሁ የሰማችሁት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ መነሻውን በአጭሩ ልድገመው። ታሪኩ የሚፈጸመው በሁለት ጎረቤት መንግሥታት መካከል ነው። በዚያ አገር በቡና አበባ ወቅት የተገባ የፍቅር ቃል እሸቱ እስኪቀላ ድረስ ያስራል። በእነዚያ ወራት ቃል የገባ ሰው የሚወደውን በስሙ ከጠራ፣ የተጠራው ጠሪውን ጨርሶ ይረሳዋል። ምትሃቱ ይኸው ነው። ዘንዶ የለም፣ የሚናገር ሰይፍ የለም፣ ከሰማይ የሚወርድ እሳትም የለም።

ሕጉን የቀዳሁት ከራሱ ከቡናው ነው። እምቡጡ በደረቁ ወራት አንቀላፍቶ ይቆይና ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳው ሁሉ በአንድ ላይ ነጭ ይለብሳል። አበባው የሚቆየው ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ፍሬው እስኪበስል ስምንት፣ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። የፍቅር ታሪክ ጸሐፊ ከዚህ የተሻለ የጊዜ ሰሌዳ ከየት ታመጣለች? ቃል የሚሰጥበት ጊዜ አጭርና የሚያሰክር፣ ቃል የሚጠበቅበት ጊዜ ረጅምና አድካሚ። በመጋቢት ሽታ ሰክረው የማሉ ሁለት ሰዎች ክረምቱን በሙሉ፣ ከነጭቃውና ከነጉሙ፣ ስም ሳይጠራሩ ማለፍ አለባቸው። ምዕራፎቹን በየወሩ ከፋፍዬ ግድግዳ ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። ዝናቡ መቼ እንደሚጠና፣ ወንዙ መቼ እንደማይሻገር፣ እሸቱ መቼ ቢጫ እንደሚል ለመጻፍ ጅማ ለሚኖር ሰው መስኮት መክፈት ይበቃዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አንድ ፈተና ነው። ምትሃቱን ከታሪኩ አውጥቼ አያለሁ። ፍቅራቸው ያለ እሱም እንደነበረ ከቀጠለ፣ ምትሃቱ ጌጥ ሆኖ ቆይቷል ማለት ነው። በተራው ደግሞ ፍቅሩን አወጣለሁ። ሴራውና ጥንቆላው ሳይናጋ ከቆመ ፍቅረኞቹ ለማጣፈጫ የገቡ ናቸው። በዚህ ዘውግ የማነባቸው ብዙ ታሪኮች እዚህ ላይ ይወድቁብኛል፤ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ የአስማት ትምህርት ቤት ካስጎበኙን በኋላ ልጅቱና ልጁ በማንኛውም ከተማ ሊጣሉ በሚችሉበት ተራ ቅናት ይጣላሉ። እኔ የምፈልገው በዚህ ምትሃት ካልሆነ በቀር በሌላ በምንም ሊለያዩ የማይችሉ ሰዎችን ነው።

ከሕጉ የሚያመልጡበትን ቀዳዳ ያገኘሁት ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት በረንዳ ላይ ነው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ዛሬም ድረስ የምንጠራቸው በፈረስ ስማቸው ነው፤ አጼ ቴዎድሮስም አባ ታጠቅ፣ አጼ ምኒልክም አባ ዳኘው ነበሩ። እንግዲህ ልዕልቲቱ ፍቅረኛዋን በስሙ ልትጠራው አትችልም፤ በፈረሱ ስምስ? ሕጉ ስለ ፈረስ ስም ምንም አይልም። «አባ ደመና» አለችው፣ ምትሃቱም ዝም አለ። ለጥቂት ምዕራፎች በዚህ ቀዳዳ ሲተነፍሱ ቆዩ።

ከዚያ ፈረሱን ገደልኩት።

በጭካኔ አትውቀሱኝ። ፈረሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ስሙ የፈረሱ ነው። ፈረሱ ከሞተ በኋላ ግን ያ ስም የማን ነው? ወደ ሰውየው ተጠግቶ የራሱ ስም ሆኖ ይሆናል፤ አሁን ብትጠራው ሊረሳት ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ማንም ሞክሮት ስለማያውቅ የሚጠየቅ ሽማግሌ የለም። የታሪኩ ወገብ ይኸው ጥርጣሬ ነው፤ ከጦርነቱ ትዕይንት ይልቅ ብዙ ሌሊት የፈጀብኝም እሱ ነው።

ለእሷ ደግሞ የፈረስ ስም የሚያወጣላት የለም። ስለዚህ እሱ በምንም አይጠራትም፤ ተራኪዬም ከእሱ ጋር አብሮ ዝም እንዲል ወሰንኩ። አንባቢ ስሟን የሚሰማው እሸቱ ሲቀላ ነው። ይህ በአማርኛ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው፤ «መጣች» ሲባል ሴት መሆኗን ግሡ ይናገራል። የሚከብደው ሦስት ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ ቡና ሲጠጡ ነው። እናቷን በአንቱታ ለየኋቸው፣ «አሉ» ካልኩ እሳቸው ናቸው። ሞግዚቲቱን ከእጇ ሥራ ጋር አሰርኳት፤ ጀበናውን ያወረደችው፣ ረከቦቱን የሳበችው ሁልጊዜ እሷ ናት። ምንም ምልክት የሌላት ልዕልቲቱ ብቻ ቀረች፤ ገጹ ላይ ባዶነቷ ራሱ መታወቂያዋ ሆነ።

አንቱታው ለፍቅሩም ጠቅሞኛል። ሁለቱ በአደባባይ «እርስዎ» ይባባላሉ፤ ብቻቸውን ሲሆኑም ለረጅም ጊዜ አንቱታውን አልጣሉትም። «አንተ» ያለችው ፈረሱ በሞተ ማታ ነው። ከመካከላችሁ አንዳችሁ «እዚህ ላይ መሳሳም ነበረባቸው» ብላችሁ ተከራክራችሁኛል። አልቀበልም። ከዚያ «አንተ» በኋላ የሚመጣ መሳም እንደ ትርፍ ሆኖ ይነበባል።

ግብር በተበላበት አዳራሽ፣ ጆሮ በበዛበት ቦታ፣ ልዕልቲቱ የምትናገረው በሰምና ወርቅ ነው። ባለ ቅኔ ስላልሆንኩ ከሁለት ስንኝ አልዘልም። ንጉሡ ስለ ክረምቱ ርዝመት ሲያነሱ፣ ፍቅረኛዋ ከአሽከሮች መሐል ቆሞ እየሰማት እንዲህ ትላለች፦

ገበሬ ያማርር የክረምት መከራ፣
እኔማ ለመድኩት ደመናው ሳይጠራ።

አባቷ የአየሩ ነገር መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህችን ስንኝ ካገኘሁ በኋላ ገጸ ባሕርይዋ ምን ያህል ብልህ እንደሆነች ስለገባኝ የቀደሙትን ንግግሮቿን በሙሉ ደግሜ ጻፍኩ።

ስለ ዓለሙ ግንባታ ብዙ አላወራም፣ ምክንያቱም አብዛኛው ያለቀው ከእኔ በፊት ነው። የጊቤ መንግሥታት፣ ሊሙ እናሪያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ፣ ድንበራቸውን በቦይና በኬላ በር ያጥሩ፣ ከጎረቤታቸው ጋር በሚዋሰኑበት በኩልም ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዉ ነበር። ሁለት ሰው የሚገናኝበት ቦታ ለሚፈልግ ጸሐፊ ይህ በነጻ የተሰጠ ስጦታ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት ማትረፋቸውም ለልዕልቲቱ አባት ጠባይ ሰጠኝ፦ ሰላምን በግብር የሚገዙ፣ በመጨረሻም ልጃቸውን ከግብሩ ጋር የሚቆጥሩ ንጉሥ። ከዚህ ሌላ የያዝኩት ነገር ቢኖር ካርታና የበቅሎ እርምጃ ነው። የተጫነ በቅሎ በቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብዬ አስቤ፣ መልእክተኛ ከዚያ ቀድሞ እንዳይደርስ እቆጣጠራለሁ። አንባቢ የአስማቱን ሕግ የሚያምነው የበቅሎውን ሕግ ሳልጥስ ሲያየኝ ነው።

አንድ ነገር ግን አውቄ አልተጠቀምኩበትም። ቀጥቃጩ ሌሊት ጅብ ሆኖ የሚወጣበት ተረት ለምትሃት ልብ ወለድ የተመቸ ነው፤ ሁላችንም በልጅነታችን ፈርተነዋል። ነገር ግን ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ቡዳ እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ የተገለሉት በዚሁ ወሬ ነው። በመጽሐፌ ውስጥ ቀጥቃጭ አለ፤ ጅብም አለ። ጅብ የሚሆነው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ማን እንደሆነ እሑድ ትሰሙታላችሁ።

የሥራ ልማዴን ለጠየቃችሁ፦ የምጽፈው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተኩል እስኪነጋ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በደብተርና በእስክሪብቶ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ሻማ ይበቃል። ወደ ስልክ የምገለብጠው ማታ ከሥራ መልስ ነው፣ ስገለብጥም አሳጥራለሁ፤ ጣት ሲደክም ቅጽል የሚጽፍ ሰው የለም። ነገ የምጀምርበትን ዐረፍተ ነገር ሳላውቅ ደብተሩን አልዘጋም። በለቀማው ወራት ምዕራፍ ለመጻፍ አልታገልም። ሚዛን አጠገብ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ሲከራከሩ፣ ሲሸነጋገሉ፣ በነገር ሲወጋጉ እሰማለሁ፣ የአነጋገራቸውን አካሄድ በኪስ ማስታወሻ እይዛለሁ። የባላባቶቼ ሽንገላ ግማሹ ከዚያ ወረፋ የተለቀመ ነው። የጨረስኩትን ክፍል ደግሞ ጥጥ ለምትፈትለው እናቴ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። እንዝርቷን ካቆመች ትዕይንቱ ይቆያል። አስተያየቷን አልጠይቅም፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ «ቆንጆ ነው ልጄ» ነው የምትለኝ።

ስለ ፍጻሜው አሁንም እንደተከራከርን ነን። የፍቅር ልብ ወለድ የሚባለው ዘውግ ለአንባቢው አንድ ቃል ይገባል፦ ሁለቱ በመጨረሻ አብረው ይሆናሉ። እኛ ደግሞ ፍቅረኞችን ቀብረን ማልቀስ ለምደናል፤ ያላስለቀሰ ፍቅር ከፍ ያለ ሥነ ጽሑፍ የማይመስለን ብዙ ነን። እኔ አብረው እንዲሆኑ ወስኛለሁ። ዋጋ ሳይከፍሉ ግን አይደለም። «አባ ደመና» ብላ ትጠራዋለች፣ እሱም ይረሳታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የመጽሐፉ ሲሶ አንድ ሰው የማያስታውሳትን ሴት እንደ አዲስ ሲወድድ የሚያሳይ ነው። እሷ ሁሉን እያስታወሰች እንደ እንግዳ «እርስዎ» ስትለው።

አሁን የምፈልገው ከእናንተ ነው። ፈረስ ጋልባችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ በጭቃ ቁልቁለት ላይ ፈረስ ሲንሸራተት ጋላቢው ልጓሙን ይስባል ወይስ ይለቃል? የሞቱ ትዕይንት በዚያ ላይ ቆሟል፤ ያለሁበት ቅጂ ልጓሙን ይስባል ይላል፣ አላመንኩትም። እሑድ ከምሳ በኋላ በተለመደው ቦታ የሐምሌን ምዕራፍ ይዤ እመጣለሁ። ረዘም ያለ ስለሆነ ሰዓት አክብሩ።