ከትከሻ በላይ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ እንቅልፍ ወሰደኝና ኮምቦልቻ ላይ አንገቴ ተጣሞ ነቃሁ፤ ስለመካከሉ የምለው የለኝም።

ስለ ደሴ ሌሊት ግን አለኝ። አልጋው 700 ብር፣ ብርድ ልብሱ ስስ፣ ብርዱ የደሴ ብርድ። ከግድግዳው ማዶ ያለው ሰው በስልክ በግ ሲደራደር አደረ። ሁለት መቶ ብር አንሶት እንደነበር እስካሁን አልረሳሁም፤ ብጨምርለት ኖሮ እተኛ ነበር።

ጠዋት በሚኒባስ ወደ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። በእግር አምስት ደቂቃ ለሚሆን መንገድ አንድ ባጃጅ 150 ብር ተቀበለኝ። ተናድጄ አዳራሹ ስደርስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ምንም ሳይጠይቁኝ እፍኝ ቆሎ መዳፌ ላይ አደረጉልኝ።

የአካባቢው ወጣቶች ሙያ ያላቸውን እናቶች በስልክ ቀርጸው የሚያሳዩበት ቀን ነበር። ሐሳቡ የመጣላቸው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ከተዘረፈ በኋላ ነው አሉኝ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። መሶብ ሰፊዋ ሲታዩ እልልታው ቀለጠ። ስንደዶው እየተጠማዘዘ፣ አክርማው እየጠቀለለው፣ ወስፌው እየበሳ ሄደ፤ ወዲያው ሙዚቃ ገባና መሶቡ አልቆ፣ በቀይ አለላ አጊጦ ብቅ አለ።

እኛ ጋ ፊልም አልቆ «አስተያየት ያለው?» ሲባል ሁሉም ጫማውን ያያል። እዚህ ባለታሪኳ ራሳቸው ተነሡ።

«ልጆቼ፣ አክብራችሁኛል። ግን መሶቡ መቼ ሰፋ? ስንደዶ የምጨምርበትን ቆርጣችሁ ጣላችሁት እኮ! ደግሞ ከፊት ለፊት ቀርጻችሁኝ፣ የምትማር ልጅ ግራ እጄን ከቀኝ እንዴት ትለየው?»

ቀራጩ ልጅ «እማማ፣ ሰው እንዳይሰለች ብለን ነው» አለ።

«የሰለቸው ይውጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ያንን ሙዚቃ ወድጄው እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

በማግስቱ ተመለስኩ፣ ባጃጁን በእግሬ ቀጥቼ። ሴትየዋ ደጃቸው ላይ፣ ልጁ ከኋላቸው ስልኩን ከትከሻቸው በላይ አሻግሮ ይዟል። አክርማውን ውኃ ውስጥ ነክረው ያለዝባሉ፣ ስንደዶ ይቀጥላሉ፣ ወስፌውን ባለፈው ዙር ላይ ይሰካሉ፣ ይስባሉ። ከትከሻቸው በላይ ሳይ እጃቸው የእኔ እጅ መሰለኝ። ልሞክር ብዬ ወስፌውን ተቀበልኩና የመጀመሪያውን ስፌት አውራ ጣቴ ላይ አደረግሁት።

«አብሽር» አሉኝ፤ ወደ ልጁም ዞረው «ይህን አትቁረጠው» አሉት።

ቡናው ቶና ላይ ሳለ የሚኒባሱ ረዳት «ደሴ! ደሴ!» ሲል ሰማሁ። በረካውን ሳልጠጣ መሄዴን አልወደዱልኝም።