በራሱ የተከፈተው ፎርሴፕስ

በእንቅርት ቀዶ ሕክምና ከሁሉ የሚያስፈራኝ ወደ ዕጢው ከላይ የሚገባው ደም ቅዳ ነው። ተቆርጦ ሳይታሰር ካመለጠ ወደ ላይ ሸሽቶ ይደበቃል፤ ደሙ ደግሞ ፈልጎ ለማግኘት ፋታ አይሰጥም።

በዚያ ቀን ያመለጠው ከማንም እጅ አልነበረም። የያዘው አርተሪ ፎርሴፕስ፣ ማለትም ደም ሥር ቆንጥጦ የሚይዘው ባለመቆለፊያ መሣሪያ፣ በራሱ ተከፈተ። ቀዶ ሐኪሙ በጣታቸው ጫኑትና «ሲስተር፣ ከአሮጌዎቹ ስጪኝ» አሉ። አሮጌው ያዘ። ታካሚዋ በሰላም ወጣች።

የተከፈተው በቅርቡ ከገባው ዕቃ ነበር፤ በዝቅተኛ ዋጋ ጨረታ ያሸነፈ፣ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ «ስቴይንለስ» (የማይዝግ) የሚል ጽሑፍ ያለበት። መወልወያ ማሽን ያለው ሁሉ ብረትን ማብራት ይችላል። በማግስቱ አዲሶቹን አንድ በአንድ ፈተሽን። ፎርሴፕሱን በእጀታው መቆለፊያ የመጀመሪያ ጥርስ ላይ ቆልፎ፣ መጋጠሚያውን ይዞ፣ የጥርሱን በኩል ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጎ መምታት ነው። ጤነኛው አይነቃነቅም። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ተከፈቱ።

የንብረት ክፍል ባልደረባችን ማግኔት ይዞ መጣ። «ማግኔት የሚስበው ብረት መናኛ ነው» የሚለው እምነት በየሆስፒታሉ አለ፤ እኔን ግን ያናድደኛል። ለመቀስና ለፎርሴፕስ የሚሆነው 420 የሚባለው ዓይነት ብረት ካርቦን ስላለው በሙቀት ይጠነክራል፤ ማግኔትም ይስበዋል። ማግኔት እምብዛም የማይስበው 304 የሚባለው ዓይነት ደግሞ ኒኬል አለው፤ ለሳህንና ለቁስል መክፈቻ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በሙቀት አይጠነክርም፣ ስለትም አይዝም። በማግኔት ብንለይ ደህናውን ጥለን ለስላሳውን እናስቀር ነበር። ትክክለኛው ብረት ራሱ በአግባቡ ካልተሞቀ ወይ ይለሰልሳል፣ ወይ ይሰበራል። ፎርሴፕስ ሲጫኑት ተለጥጦ መመለስ አለበት፤ ጥርሱን ቆልፎ የሚይዘው ያ ጉልበት ነው።

«የፓኪስታን ዕቃ ስለሆነ ነው» ያሉም ነበሩ። አልተቀበልኩም። የፓኪስታኗ የሲያልኮት ከተማ አምራቾች ለጀርመን ኩባንያዎች ሳይቀር ይሠራሉ፤ ልዩነቱ የሚመጣው ገዢው ከሚጠይቀው ነው። እኛ የጠየቅነው ዋጋ ብቻ ነበር።

ለቀጣዩ ጨረታ የብረቱ ዓይነት ለቀዶ ሕክምና መሣሪያ ብረቶች በወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ በአይኤስኦ 7153፣ መሠረት እንዲገለጽና ናሙና እንዲቀርብ ጻፍን። ናሙናውን በአቅራቢዎቹ ፊት ሞከርነው፤ መቀሱ በጫፉ ፋሻ ሳይጎትት መቁረጥ፣ መርፌ መያዣው በሁለተኛው ጥርስ ላይ መርፌን እንዳይሽከረከር አድርጎ መያዝ ነበረበት። አንዱ አቅራቢ ተቆጥቶ ወጣ። ይውጣ።

ያልተፈታው የበረኪናው ጉዳይ ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ መሣሪያን 0.5 በመቶ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ የቆየ ልማድ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. መመሪያው ከማጠብ በፊት እንዲህ መዘፍዘፍን አይደግፍም። ክሎሪን ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውን ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ይበላል፤ ጉድጓዱ መጀመሪያ የሚታየው መጋጠሚያው ላይ ነው። በረኪናው እንዲቀርና መሣሪያው ወዲያው በሳሙና ውኃና በብሩሽ እንዲታጠብ ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ አንዳንድ ባልደረቦቼ ለሚያጥበው ሠራተኛ ደኅንነት ይሰጋሉ። ስጋታቸው እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ እንዲገዛ አብሬ ጠይቄያለሁ።