የተረፈው አንድ አምስተኛ

በኮምፒውተር ሲሙሌሽናችን ውስጥ ያደገችው ጋላክሲ ከጋዟ ክብደት አንድ በመቶ የሚሆን አቧራ ይዛ የታየችኝ ዕለት፣ ከወንበሬ ተነሥቼ ስክሪኑን ቆሜ አየሁት። በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ፣ በከዋክብት መካከል የተበተነው አቧራ መጠኑ ይኸው አንድ በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ዓመት የደከምንለት ቁጥር ተገኘ። ጽሑፉንም ለመላክ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውን ነበር።

አንድ በመቶ ኢምንት ትመስላለች። ነገር ግን ከዋክብት ከሚያመነጩት ብርሃን ሲሶ ያህሉን ውጦ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን መልሶ የሚያወጣው ይህ አቧራ ነው። የሃይድሮጂን አቶሞች ተገናኝተው ሞለኪውል የሚሆኑት በአብዛኛው በቅንጣቶቹ ገጽ ላይ ነው፤ አለታማ ፕላኔቶችም ጅማሬያቸው ከእርሱ ነው። ቅንጣቶቹ አብዛኞቹ ከሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ያነሱ ስለሆኑ፣ ቤት ውስጥ ከምንጠርገው አቧራ ይልቅ ጭስን ይመስላሉ። ይህ ነገር ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ ለእኔ ከሥራም በላይ ነው።

ሞዴላችን የገቢና ወጪ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል። በእርጅናቸው ያበጡ ከዋክብትና ሱፐርኖቫዎች፣ ማለትም በፍንዳታ የሚሞቱ ከዋክብት፣ አቧራ ይለቃሉ። ቅንጣቶቹ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ባሉ ደመናዎች ውስጥ ከጋዙ ከባድ ንጥረ ነገሮችን፣ ማለትም ከሃይድሮጂንና ከሂሊየም የሚከብዱትን ሁሉ፣ እየሰበሰቡ ያድጋሉ። የሱፐርኖቫ ሞገድ ሲያልፍባቸው ደግሞ ተፍቀውና ተሰባብረው ወደ ጋዝነት ይመለሳሉ። በስሌቱ ሲታይ ሞገዱ አቧራን በጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመታት ሊያጠፋው ሲችል፣ ከዋክብት የጠፋውን ለመተካት ከሁለት ቢሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ክፍተቱን የሚሞላው በደመናዎቹ ውስጥ ያለው ዕድገት ነው ተብሎ የሚታመነውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ችግር አለ። አንድ ሞገድ ምን ያህል አቧራ እንደሚያጠፋ በትክክል የሚያውቅ የለም፤ ሞዴል ሠሪው በተወሰነ ክልል ውስጥ አንድ ቁጥር ይመርጣል። እኔም አቧራው በዝቶ በወጣ ቁጥር ይህን የጥፋት ቁጥር ትንሽ ከፍ አደርግ ነበር። አንዱን በመቶ ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። የመረጥሁት ቁጥር ከተፈቀደው ክልል ስላልወጣ ምንም አልከበደኝም።

በቡድናችን አዲስ የነበረች ተማሪ ያንኑ ሞዴል በትናንሽ ጋላክሲዎች ላይ እንድትሞክር ተመድባ ነበር። አንድ ቀን ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣ «የእኔዎቹ አቧራቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረው፤ የተሳሳትሁት ነገር ይኖር ይሆን? ቢያዩልኝ» አለችኝ። እኔም ሳላይላት መለስሁላት። ትናንሽ ጋላክሲዎች የአቧራ ድኾች መሆናቸው የታወቀ ነው አልኋት፤ በከባድ ንጥረ ነገር ከፀሐይ 30 ጊዜ ያህል የምታንሰውን ኣይ ዝዊኪ 18 የተባለች ትንሽ ጋላክሲ ጠቀስሁላት። የተናገርሁት ሁሉ እውነት ነበር፤ ለጥያቄዋ ግን መልስ አልነበረም። የእርሷ ጋላክሲዎች በቴሌስኮፕ ከታዩት ድኾችም በታች ነበሩ።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ወረቀት ይዛ ተመለሰች። አቧራውን ትታ፣ በጋዙም በአቧራውም በከዋክብቱም ውስጥ ያለውን ከባድ ንጥረ ነገር ሁሉ ደምራ፣ ከዋክብቱ በዕድሜያቸው ሠርተው ከለቀቁት ጋር አስተያይታው ነበር። «ከተሠራው በላይ አለ» አለች። «ትርፉ በሁሉም ጋላክሲ እኩል ነው። አንድ አምስተኛ።»

አንድ አምስተኛ! ያን ቁጥር በገዛ እጄ ነበር የጻፍሁት። ከዋክብት ከሚለቁት ከባድ ንጥረ ነገር ምን ያህሉ አቧራ ሆኖ ይወጣል ለሚለው የሰጠሁት ግምት ነበር። ለመምረጥ ብዙ አስቤበታለሁ። በ1987 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ትልቁ የማጄላን ደመና በተባለው ጎረቤት ጋላክሲ ውስጥ በፈነዳው ሱፐርኖቫ፣ የሄርሼል የጠፈር ቴሌስኮፕ የፀሐይን ክብደት ግማሽ ያህል ቀዝቃዛ አቧራ ማግኘቱ በ2011 ተገልጿል። ከዚያ ውስጥ ፍንዳታው ራሱ ከሚመልሰው ሞገድ የሚተርፈው ምን ያህል እንደሆነ ግን ያከራክራል። አንድ አምስተኛ ብዬ መሐል ላይ ቆምሁ። ቁጥሩን በብርቱ ጥንቃቄ መርጬ፣ አገባቡን ሳልመረምር ቀረሁ።

የከዋክብቱ ሠንጠረዥ የሚሰጠው ከባድ ንጥረ ነገርን ሁሉ ነው፤ አቧራ የሚሆነውም በውስጡ አለ። እኔ ግን ሙሉውን በጋዙ ላይ ጨምሬ፣ አንድ አምስተኛውን እንደገና በአቧራው ላይ ጨመርሁት። አንዱን እህል ሁለቴ መስፈር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው። በሐሰት የተጨመረው በደመናዎቹ ውስጥ አቧራውን ቀለበው፤ አቧራው በዛ፤ እኔ የጥፋቱን ቁጥር ከፍ አደረግሁ። በትልቅ ጋላክሲ ውስጥ ዕድገቱ ፈጣን ስለሆነ የጠፋው ቶሎ ይተካል፤ ሁለቱ ስሕተቶችም እርስ በርስ ተጣፍተው አንድ በመቶ ላይ ያርፋሉ። በትናንሾቹ ውስጥ ግን ደመናው ደኻ ነው፣ ዕድገቱም አዝጋሚ ነው፣ አቧራው ከሞላ ጎደል ከከዋክብቱ የመጣ ነው። የተጋነነው ጥፋት የሚታየው እዚያ ነው፤ እርሷ ያየችውም ይህንኑ ነው።

ለኃላፊያችን በዚያው ሰዓት ነገርኋቸው። «ጽሑፉ ተልኳል?» ብለው ጠየቁኝ፤ አልተላከም ስላቸው ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ቀጥለው ተማሪዋን አስጠሩና ድምሩን ከመጀመሪያው ጀምራ እንድታስረዳቸው ለመኗት።

እርማቱ አንድ መስመር ነበር። ሥራውን እንደገና ማስኬድ ግን ሳምንታት ወሰደ። አዲሷ ጋላክሲ አንድ በመቶውን እንደ ቀድሞው በትክክል አልመታችም፤ በመጠኑ ከፍ አለች። የጥፋቱን ቁጥር ከፍ ከማድረጌ በፊት ወደ ነበረበት መልሼው ነበር፤ ዳግመኛ ግን አልነካሁትም። ትናንሾቹ ግን ወደ ታዩት ተጠጉ፤ ለእኔ ከመጀመሪያው ውጤት ይህ በእጅጉ ይበልጣል።

ተማሪዋ በፕሮግራሙ ውስጥ ሦስት መስመር ጨመረች፦ በየእርምጃው ድምሩ ተሠርቶ ካልገጠመ ሥራው እንዲቆም። በሁለተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ ቆመ። ጉድለቱ ከመቶ ሺህ አንድ አይሞላም ነበር። አቧራው ከአንዱ የስሌት ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር የሚንጠባጠብ ነገር ስለነበረ፣ ጠዋት ሁለታችንም አንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠን ከመጀመሪያው መስመር መፈለግ ጀመርን።