ሽሽቱ የማን ነው?

ባለፈው ኅዳር ከጎንደር ተነሥቼ በደንቢያ ሜዳ በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ስወርድ፣ ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ የሚመገቡ፣ ባለ ዘውድ ክሬን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ጥቁር ወፎች አየሁ፤ አናታቸው ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ጎፈሬ ቆሟል፣ ጉንጫቸው ከላይ ነጭ ከታች ቀይ ነው። ጎን ለጎን እየሄዱ መሬቱን በእግራቸው ይደበድባሉ፤ ከሣሩ ብድግ የሚለውን ፌንጣም ወዲያው ይለቅማሉ።

ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ቀረብ አለኝና፣ «ጋሼ፣ አምና ክረምት ጎጇቸው እዚያ ነበር» ብሎ በበትሩ አመለከተኝ። ያመለከተኝ ቦታ ውኃው በቦይ ተጠንፍፎ ሽንብራ ተዘርቶበታል።

እነዚህ ወፎች በረግረግ መካከል፣ ውኃ በከበበው ቄጠማ ላይ ጎጆ ሠርተው ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ስለሚጥሉ፣ ውኃው ከራቀ ውሻም ቀበሮም በእግሩ ይደርስባቸዋል። በእኛ አገር ወፍ መጠበቅ ሲባል ብዙ ጊዜ አዳኝን መከልከል ብቻ ይመስለናል፤ ሆኖም እዚህ ማንም ወፍ ላይ ሳይተኩስ፣ ደንገሉ በመታጨዱና ረግረጉ በመድረቁ ብቻ ወፉ ይጠፋል።

ጣና ሲጎድል የሚገለጠው መሬት፣ ሽሽት የሚባለው፣ የወል በመሆኑ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ይታረሳል። መሬት ያልደረሰውን ወጣት በዚህ መውቀስ አልችልም፤ እርሻ በራሱም የወፍ ጠላት አይደለም። በጥቅምት ገደማ ከአውሮፓ የሚመጡት ረጃጅም ግራጫ ክሬኖች ቀን ማሳ ላይ የወደቀ እህል ሲለቅሙ ውለው፣ ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ቆመው ያድራሉና ማሳውም ውኃውም ያስፈልጋቸዋል።

የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት (ተፈጥሮና የሰው ኑሮ አብረው በሚጠበቁበት ስፍራነት) ተመዝግቧል፤ በተጓዝኩበት ዳርቻ ግን ወሰን የሚያሳይ አንዲት ድንጋይ እንኳ አላየሁም። እኔ የምመኘው ትልቅ አጥር አይደለም። ነዋሪው ራሱ ተመካክሮ ከውኃው ጠርዝ ጥቂት ሜትር ደንገልና ቄጠማ ሳይታጨድ እንዲቆይ፣ ጫጩቶቹ እስኪጠነክሩም ከብት እንዳይገባበት ቢወስን ይበቃል። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን ጥድ ማንም በመጥረቢያ የማይነካው በዘበኛ ብዛት ሳይሆን ሰው ራሱ ስለሚያከብረው ነው።

ልጁን «ዘንድሮስ የት ጎጆ ሠሩ?» ብዬ ብጠይቀው፣ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ከብቶቹ ሄደ።