ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተከፈተው ቫልቭ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ የቦይለሩ ነበልባል ጠፋ። ኦፕሬተሩ ሁለት ጊዜ ሊያስነሳው ሞከረ፤ ሁለቴም የነበልባል መቆጣጠሪያው ዘጋበት። ወደ ፈርናስ ኦይል፣ ማለትም ወደ ከባድ ነዳጅ፣ አዞረውና እንፋሎቱ ቀጠለ። ቦይለሩ ምንም አልሆነም ነበር። የተለወጠው ከፋብሪካው ፍሳሽ የሚገኘውና ቦይለሩ የሚያነደው ጋዝ ነው፤ ወትሮ ከመቶ 74 የነበረው ሚቴን ወደ 58 ወርዶ ነበር።

ቦታው አንድ የቢራ ፋብሪካ ነው። በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ገደማ ፍሳሽ ይወጣዋል። ፍሳሹ ውስጥ ያለው ስኳር፣ አልኮልና እርሾ በሲ.ኦ.ዲ. ማለትም ለመቃጠል በሚፈልገው ኦክስጅን ሲለካ በሊትር 3 ግራም፣ በቀን 3,000 ኪሎ ነው። ይህን የሚበላው 400 ሜትር ኩብ የሚይዝ ዩ.ኤ.ኤስ.ቢ. ሪአክተር፣ ማለትም ባክቴሪያዎች ያለ አየር ፍሳሹን ወደ ጋዝ የሚለውጡበት ታንክ ነው፤ ጋትዘ ሌቲንጋና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሆላንድ ውስጥ ያጎለበቱት ዓይነት። ፍሳሹ ከሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲወጣ ከጤፍ ፍሬ ጥቂት ከፍ በሚሉ የባክቴሪያ እንክብሎች መሃል ያልፋል። አንድ ኪሎ ሲ.ኦ.ዲ. በተበላ ቁጥር 0.35 ሜትር ኩብ ሚቴን ይገኛል። (ይህ ቁጥር በባሕር ጠለል ግፊትና በ0 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባን በሚያህል ከፍታ ላይ ግፊቱ በሩብ ገደማ ስለሚያንስ፣ ያልታረመ የጋዝ ሜትር ንባብ ከእውነቱ በሲሶ ይበልጣል። ብዙ ሪፖርት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።)

የፍሳሽ ማጣሪያው ቴክኒሻን ለቢራ ማብላያ ክፍል ደወለ።

«ወንድም፣ ሌሊት የለቀቃችሁት ነገር አለ እንዴ?»

«ኧረ ምንም የለም። የተበላሸች ቢራ ብቻ ናት። ቢራ እኮ ነው፣ ኬሚካል አይደለም።»

200 ሄክቶ ሊትር (20 ሜትር ኩብ) ነበረች፤ ከሌሊቱ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ፍሳሹ የወረደች። አምስት በመቶ አልኮል ያለው ቢራ በሊትር 120 ግራም ያህል ሲ.ኦ.ዲ. ይዟል። ሲሰላ 2,400 ኪሎ፣ የአንድ ሙሉ ቀን ምግብ አራት አምስተኛው በሁለት ሰዓት ማለት ነው። ፍሳሹ ወደ ሪአክተሩ ከመግባቱ በፊት የሚደባለቅበት ማመጣጠኛ ታንክ ደግሞ በዚያ ሰዓት 120 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ብቻ ነበረው፤ ስለዚህ ወደ ሪአክተሩ የሄደው ፍሳሽ በሊትር 3 ግራም መሆኑ ቀርቶ ወደ 20 ተጠጋ።

ላም ዱቄት ቤት ገብታ ስትገኝ ገበሬው የሚደነግጠው ዱቄቱ መርዝ ሆኖ አይደለም። ሆዷ አሲድ ይሞላል፣ ትነፋለች፣ ካልተደረሰላት ትሞታለች። እዚህም የሆነው ይኸው ነው። ስኳርና አልኮልን ወደ አሲድ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ፈጣን ናቸው፤ አሲዱን ወደ ሚቴን የሚለውጡት ዘገምተኞች። አሲዱ ሲከማች ፒኤች (አሲድ ሲበዛ የሚያንሰው መለኪያ) ይወርዳል፤ ፒኤች ከ6.5 በታች ሲወርድ ደግሞ ዘገምተኞቹ በእጅጉ ይዳከማሉ።

ስክሪኑ ላይ ግን ሁሉም ደህና ይመስል ነበር። የፒኤች መለኪያው ያለው ከሪአክተሩ በፊት፣ አሲድን የሚያከሽፈው ኮስቲክ ሶዳ በሚጨመርበት ታንክ ላይ ነው። እዚያ ሁልጊዜ 7.0 ይታያል። አሲዱ የሚፈጠረው ከዚያ በኋላ፣ ሪአክተሩ ሆድ ውስጥ ነው። የጋዝ ሜትሩም አሳስቷል። ፒኤች ሲወርድ ፍሳሹ ውስጥ የሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ መጀመሪያ የጋዙ መጠን ይጨምራል። የሌሊቱ ፈረቃ ይህን አይቶ ጥሩ ሌሊት ነው ብሎ መዝግቧል። ናሙና ተወስዶ ሲለካ የሪአክተሩ ፒኤች 6.2 ነበር።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ስህተት ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ፒኤቹን ቶሎ ለማንሳት ኮስቲክ ሶዳ በቀጥታ ወደ ሪአክተሩ ተጨመረ። ኮስቲክ ከጋዙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይመጠዋል፤ ስለዚህ የጋዝ ከረጢቱ ማሸብሸብ ጀመረ፣ ግፊቱ ከውጭ አየር በታች ወረደና የቫኩም ቫልቩ እያፏጨ አየር አስገባ። ሚቴን ከ5 እስከ 15 በመቶ ሆኖ ከአየር ጋር ሲቀላቀል በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል። ፉጨቱን የሰማው ቴክኒሻን ኮስቲኩን አስቆመ፣ የጋዝ መስመሩን ዘጋ፣ አካባቢው ላይ ብየዳ እንዳይሠራ ከለከለ። የሰው ሕይወት የተረፈው በዚያ ጆሮ ነው።

የሚገባው መድኃኒት ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው። አልካሊኒቲን፣ ማለትም ፍሳሹ አሲድን የመቋቋም አቅሙን፣ በሊትር 1,000 ሚሊ ግራም ለማሳደግ በሜትር ኩብ 1.68 ኪሎ ያስፈልጋል፤ ለ400 ሜትር ኩብ 672 ኪሎ፣ ባለ 25 ኪሎ 27 ከረጢት። በውኃ ሟሙቶ የሪአክተሩን ፍሳሽ መልሶ ወደ ሥሩ በሚልከው ማዞሪያ ፓምፕ በኩል በስምንት ሰዓት ውስጥ ቀስ ተብሎ ገባ። አዲስ ፍሳሽ ለአንድ ቀን ቆመ፤ እንክብሎቹ ሥር ላይ እንዳይረጉ ማዞሪያው ግን አልቆመም። ከዚያ በወትሮው ጭነት ሩብ ተጀመረ። ጭነቱ ከፍ የሚለው ቀን ተቆጥሮ ሳይሆን አሲዱ ለአልካሊኒቲው ያለው ምጣኔ ከ0.3 በታች ሲወርድ ብቻ ነው። ወደ ሙሉ ጭነት ለመመለስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ በነዚያ ቀናት ሪአክተሩ ያልበላውን ፍሳሽ የሚያጣሩት የአየር ማናፈሻዎች ሁሉ ያለ እረፍት ሠሩ፣ ቦይለሩም በፈርናስ ኦይል ብቻ ነደደ።

የሚያንገበግበው፣ 150 ሜትር ኩብ የሚይዝ የአደጋ ጊዜ ታንክ ባዶውን እዚያው ቆሞ ነበር። ቫልቩ በእጅ የሚዞር ነው፣ ቁልፉም የቀን ፈረቃው ጋ ነበር። ያቺ ቢራ ታንኩ ውስጥ ገብታ በሰዓት 170 ሊትር እየተቀነሰች ብትሰጥ በአምስት ቀን ታልቅ ነበር፤ ጭነቱ በቀን ከ3,000 ወደ 3,500 ኪሎ ቢወጣ ሪአክተሩ ይችለዋል፣ አቅሙ 4,000 ነው። 85 በመቶው ብቻ ቢበላ እንኳ 714 ሜትር ኩብ ሚቴን፣ ማለትም 650 ሊትር ያህል ፈርናስ ኦይል የሚተካ ጋዝ ይወጣት ነበር።

አሁን የታንኩ ቫልቭ በሞተር ይዞራል፣ ሁለተኛ የፒኤች መለኪያም ማዞሪያው መስመር ላይ ተተክሏል። ከማብላያ ክፍል ቢራ፣ ትርፍ እርሾ ወይም የታንክ ማጠቢያ ኮስቲክ ሲለቀቅ፣ መጠኑና ሰዓቱ ተጽፎ የማጣሪያው ፈረቃ ሳይፈርም ቫልቭ አይከፈትም። ፐርአሴቲክ አሲድ ባክቴሪያ ሊገድል የተሠራ ስለሆነ ሌላ ወረቀት አለው። ከሁለት ወር በኋላ 150 ሄክቶ ሊትር ቢራ ሲበላሽ ስልኩ የተደወለው ከማብላያ ክፍል ነው፣ ቫልቩ ከመከፈቱ በፊት። ቢራዋ በአራት ቀን ቀስ ብላ ለሪአክተሩ ተሰጠች፤ ነበልባሉ አንዴም አልጠፋም።